«የቤተሰብ ስም ይኑረን» ለምትሉ፦ ዮርክሻየር ደርሳችሁ ኑ

እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የቤተሰብ ስምና የዘር ውርስ እስከ የት አብረው እንደሚሄዱ የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያላቸውን ወንዶች ይሰበስባሉ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ይመረምራሉ። ከዚያ «እነዚህ ሰዎች እውነት ከአንድ ሰው ወገብ የወጡ ናቸው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚያ አገር የቤተሰብ ስምም ዋይ ክሮሞዞምም መንገዳቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በአባት በኩል ይወርዳሉ። ስለዚህ ስሙ የዘር ምስክር ከሆነ ሁለቱ መገጣጠም አለባቸው።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ተገኘ። ነጭ ነው። እንግሊዛዊ ነው። ከዚያች ደሴት ውጭ ዘር አለኝ ብሎ አያውቅም። የቤተሰብ ስሙ ከምሥራቅ ዮርክሻየር የወጣ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠራበት ብርቅ ስም ነው። ተመራማሪዎቹ የባለቤቶቹን ገመና ለመጠበቅ ብለው ስሙን በጽሑፋቸው አላወጡትም፤ እኔም አላወጣውም። የሰውየው ዋይ ክሮሞዞም ሲመረመር ኤ1 የሚባለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ኤ1 ደግሞ ያን ጊዜ የሚታወቀው ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ ሰዎች ላይ፣ ያውም በጣም በጥቂቶቹ ላይ ነበር።

እንዴ! ተመራማሪዎቹም ደነገጡ። ያንኑ ብርቅ ስም የያዙ ሌሎች ወንዶችን ፈለጉ። ከ18ቱ 7ቱ ያው አፍሪካዊ ክሮሞዞም ተገኘባቸው። የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት መዛግብት ሲገላበጡ ሰባቱ በሁለት የዘር ሐረግ ተመደቡ። የሁለቱም ሐረግ ራስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዮርክሻየር ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱ ሐረጎች ደግሞ ከዚያ ጥቂት ትውልድ ከፍ ብሎ እንደሚገናኙ ክሮሞዞሙ ይጠቁማል። ጥናቱ የታተመው በ2007 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ቆም በሉና አስቡት። ስሙ እንግሊዝኛ ነው። የስም መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ትርጉሙን፣ የወጣበትን ወረዳ፣ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዘመን ሊነግራችሁ ይሞክራል። ከዚያ ሁሉ ትርጉም ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ስለ አፍሪካዊው አባት አታወራም። ስሙ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ሰዎቹ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ከእንግሊዞች ጋር ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው፤ «እኛም እንደ ሠለጠነው ዓለም የቤተሰብ ስም ይኑረን» ከምትሉት። ክርክሩን ታውቁታላችሁ። በተለይ ውጭ ያለን ሰዎች ስንገናኝ ሳይነሳ አይቀርም። «የኛ ስም በየትውልዱ ይቀያየራል፣ ታሪካችን ይጠፋል። ፈረንጅ ግን ስሙን ይዞ እስከ ስምንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስሙ ትርጉም አለው፣ ሥር አለው፣ ማንነት አለው።» አንዳንዱ ከዚህም አልፎ የቅድመ አያቱን ስም አውጥቶ የልጆቹ ሁሉ «ላስት ኔም» አድርጎታል። ሰው በስሙ የፈለገውን ማድረግ መብቱ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ምክንያቱ ነው። ምክንያቱ ሦስት እግር አለው፦ የቤተሰብ ስም ጥንታዊ ነው፣ የቤተሰብ ስም ትርጉም አለው፣ የቤተሰብ ስም ዘርን ይጠብቃል። ሦስቱንም እግር እንግሊዝ አገር ሄደን እንነቅንቀው።

መጀመሪያ «ጥንታዊ» የሚለውን።

ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በፊት ተራው እንግሊዛዊ የሚወረስ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። አንድ ስም ይበቃው ነበር። ሰው መለየት ካስፈለገ «የእገሌ ልጅ»፣ «ቀዩ»፣ «አንጥረኛው»፣ «ከወንዙ ማዶ ያለው» ይባላል። ልክ እኛ ሰፈር «ታክሲ ነጂው ደረጀ» እንደምንለው ማለት ነው። የደረጀ ልጅ ታክሲ ካልነዳ «ታክሲ ነጂው» አይባልም፤ እዚያም እንደዚያው ነበር። ከወረራው በኋላ መጀመሪያ ርስት ያላቸው ኖርማን መኳንንት ስምን ከርስት ጋር ማውረስ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ፣ ከደቡብም ወደ ሰሜን ወጣ። እስከ 1400 አካባቢ አብዛኛው እንግሊዛዊ የሚወረስ ስም ያዘ።

ለምን ያዘ? ቅድመ አያቱን ስለናፈቀ አይደለም። ርስት ማን ይውረስ የሚለው በጽሑፍ መታወቅ ስላለበት፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ስላለው፣ ግብር ሰብሳቢ ስለሚመጣ ነው። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። የመጀመሪያው ከ14 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ 4 ፔኒ ነበር፤ የመጨረሻው 12 ፔኒ ደረሰ፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ለንደንን አናወጣት። ዛሬ የእንግሊዝ ስም አጥኚዎች በጣም የሚወዷቸው ሰነዶች እነዚያ የግብር ዝርዝሮች ናቸው። ብዙ ስም ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ። በ1538 ደግሞ የንጉሡ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን እንዲመዘግብ አዘዘ፤ ስሞቹም የበለጠ ጠነከሩ። እናንተ «ሥር» የምትሉት ነገር እንግዲህ በአብዛኛው የጸሐፊ ቀለም ነው።

«እሺ፣ ግን ሠለጠኑ» ትሉኝ ይሆናል። ዌልስን እዩአት። ዌልስ የብሪታንያ አካል ናት፣ ግን ስሟ እንደኛ ነበር። ሰው የራሱን ስም፣ ቀጥሎ «አፕ» ማለትም «የ... ልጅ» ይልና የአባቱን ስም ይጠራል። በ1282 የተገደለው የዌልስ ልዑል ሊዌሊን አፕ ግሪፊዝ ነው፤ የግሪፊዝ ልጅ ሊዌሊን። የሱ ልጅ ደግሞ አፕ ሊዌሊን ይሆናል እንጂ አፕ ግሪፊዝ አይሆንም። በቃ፣ እኛ ማለት ነው! በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕግና አስተዳደር ዌልስን ሲውጥ ፍርድ ቤቱም መዝገቡም የማይቀየር ስም ፈለገ። የዌልስ ሰው የዚያን ጊዜ አባቱን ስም አድርጎ ቆመ። አፕ ሪስ «ፕራይስ» ሆነ። አፕ ሃወል «ፓወል» ሆነ። አብ ኦዌን «ቦወን» ሆነ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ አገሩ በጆንስ፣ በዊሊያምስና በዴቪስ ተሞላ። ጆንስ ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው። የትኛው ጆን? ማንም አያውቅም። አባቱ ጆን ያልሆነ፣ አያቱም ጆን ያልሆነ ሰው የጆን ልጅ ተብሎ ይኖራል።

ታዲያ ይህ ነው ታሪክን መጠበቅ? የዌልሱ ሰው በፊት ስሙን ሲጠራ እውነት ይናገር ነበር፦ አባቴ እገሌ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ እውነት መናገሩን አቆመ።

ሁለተኛው እግር «ትርጉም አለው» የሚለው ነው።

አዎ፣ አለው። ሊቃውንቱ የእንግሊዝን የቤተሰብ ስሞች በአራት ይከፍሏቸዋል፦ ከቦታ የወጣ፣ ከሥራ የወጣ፣ ከወላጅ ስም የወጣ፣ ከቅጽል ስም የወጣ። ጥያቄው ትርጉሙ የማን ነው የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ብርቅም አስቂኝም ስም ነው። «ሻፍልቦተም» ይባላል። ዛሬ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ «መቀመጫውን እየጎተተ የሚሄድ» ዓይነት ነገር ይመስላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ስም ይዞ ያደገ ልጅ ምን እንደሚገጥመው አልነግራችሁም። ግን ስሙ ከመቀመጫ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ላንካሻየር ውስጥ ቤሪ የምትባል ከተማ አጠገብ ካለ ቦታ የወጣ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቦተም» የሸለቆ ወለል ነው። የፊተኛው ክፍል ደግሞ በግ የሚታጠብበት ውሃ ማለት ነበር። በጎች የሚታጠቡበት ሸለቆ! እንዴት የሚያምር ነገር ነው። ቋንቋው ሲለወጥ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ረሳው፣ የሚያውቀውን ቃል ተካበት፣ ስሙም መሳቂያ ሆነ። አንዳንዱ ቤተሰብ አፈረና መጨረሻውን «ቦታም» አስመስሎ መጻፍ ጀመረ።

እንግዲህ የሻፍልቦተም ትርጉም የቱ ነው? መዝገበ ቃላት ውስጥ የተቀበረው ሸለቆ ወይስ ልጁ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚሰማው ሳቅ? ስም ሲወረስ ትርጉሙ አብሮ አይወረስም። የሚወረሰው ድምፁ ነው። ትርጉም የሚኖረው ሰው አስቦ ስም ሲያወጣ ነው። እናታችሁ «ተስፋዬ» ስትል ተስፋ ያደረገችው ነገር ነበራት። አምስት ትውልድ ወርዶ ሁሉም «ተስፋዬ» ከተባለ ግን ማንም ምንም ተስፋ አላደረገም፤ ፎርም ሞላ እንጂ።

ሌላ ምሳሌ። በንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛና በልጁ በሄንሪ ስምንተኛ ቤተ መንግሥት አንድ ጥቁር መለከት ነፊ ነበር። በ1507 ደመወዝ እንደተከፈለው መዝገብ አለ። በ1511 የተሣለው የዌስትሚንስተር የፈረስ ውድድር ጥቅል ላይም ሥዕሉ አለ፤ ፈረስ ላይ ሆኖ መለከቱን ይነፋል። ስሙ ጆን ብላንክ ነው። «ብላንክ» ከፈረንሳይኛው «ነጭ» ጋር አንድ ቃል ነው። ጥቁሩን ሰው «ነጩ ጆን» ብለውታል። ቀልድ ይመስላል፤ ብዙ የታሪክ ሰዎችም ቀልድ ነው ይላሉ። ጆን ብላንክ ስሙን ለልጅ ልጅ አውርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንዱ የስም ድረ ገጽ ላይ ገብቶ «ስሜ ነጭ ማለት ነው፤ አያቶቼ ነጫጭ ነበሩ» ብሎ በኩራት ይጽፍ ነበር።

የስም ንግድም አለ፣ እሱንም ሳልነካው አላልፍም። ስምህን ስጠን፣ የቤተሰብህን አርማ እንሰጥሃለን የሚሉ ሱቆች ሞልተዋል። ጋሻና አንበሳ ያለበት ኩባያ፣ ቁልፍ መያዣ፣ በፍሬም የታሰረ ወረቀት ይሸጣሉ። እንግሊዝ ውስጥ አርማ የሚሰጠውና የሚመዘግበው ተቋም ከ1484 ጀምሮ ያለው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። የሱ ሕግ ግልጽ ነው፦ አርማ ለአንድ ሰውና በሕጋዊ መንገድ በአባት በኩል ለወረዱ ልጆቹ ይሰጣል። ለአንድ የቤተሰብ ስም የተሰጠ አርማ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስምህ ከመኳንንቱ ስም ጋር ስለተመሳሰለ አንበሳው ያንተ አይደለም። ግን ኩባያው ይሸጣል፤ ምክንያቱም ሰው መግዛት የሚፈልገው ሻይ መጠጫ ሳይሆን አያት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው እግር፣ ወደ ትልቁ። «ዘርን ይጠብቃል።»

ፍትሐዊ ልሁን። ያው የሌስተር ቡድን በ2009 ባወጣው ሌላ ጥናት 40 የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞችን መርምሮ ነበር። ስሙ እንደ ስሚዝ የተለመደ ከሆነ የስሙ ባለቤቶች በደም አይገናኙም ማለት ይቻላል፤ አንጥረኛ በየመንደሩ ነበር። ስሙ ብርቅ ሲሆን ግን ብዙዎቹ እውነትም ወደ አንድ አባት ይመለሳሉ። ስለዚህ ብርቅ ስም ስለ ዘር ምንም አይናገርም ብዬ አልዋሽም። ይናገራል። ጥያቄው እውነቱን ሁሉ ይናገራል ወይ ነው።

የዮርክሻየሩ ስም የሚመልሰው ይህንን ነው። ብርቅ ስም ነው፣ ከአንድ አካባቢ የወጣ ነው፣ «ንጹሕ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ስም የለም። ከ18 ሰው 7ቱ አፍሪካዊ ዋይ ክሮሞዞም አላቸው፣ 11ዱ የላቸውም። ስማቸው አንድ ነው፣ አባታቸው አንድ አይደለም። እንዴት ሆነ? በስም ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር የሚሆንባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተጠመቀ አፍሪካዊ የጌታውን ወይም የክርስትና አባቱን ስም ሊይዝ ይችላል። ያላገባች እናት ለልጇ የራሷን ቤተሰብ ስም ትሰጣለች። ባል የሞተባት ሴት ስታገባ ልጁ በእንጀራ አባቱ ስም ይጠራል። ልጅ በማደጎ ይገባል። በየትውልዱ ጥቂት ነው፣ ግን ይጠራቀማል። በየመንገዱ ላይ አንድ የሰው ታሪክ አለ፤ ፍቅር ወይም ግፍ ወይም ሞት። የቤተሰብ ስሙ ሁሉንም ውጦ ዝም ብሏል።

አፍሪካውያን እንግሊዝ ውስጥ እንግዳ አልነበሩም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሃድሪያን ግንብ ጫፍ ላይ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የሮማ ጦር ክፍል ሰፍሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ጆን ብላንክ አለ፣ ከዚያ በኋላ በባሪያ ንግዱ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ አሉ። ዛሬ ስማቸው የት አለ? ብዙው በእንግሊዝኛ ስም ስር ተቀብሯል። «ስም ታሪክን ይጠብቃል» የምትሉኝ፣ እዚህ ጋ ታሪክን የደበቀው ስሙ ነው፤ ያወጣው ደግሞ የጉንጭ ምራቅ።

ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ወላጅ አላችሁ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ስትሄዱ 128 ሰዎች ይደርሳል። የቤተሰብ ስም ከ128ቱ የሚጠራው አንዱን ብቻ ነው። 127ቱ የት ሄዱ? ከነሱ መካከል ሴቶቹ በሙሉ፣ 64ቱም፣ ጠፍተዋል። እንግሊዝ ውስጥ በእናት ስም የወጣ የቤተሰብ ስም የለም ማለት አይደለም። ሆቴሉን የምታውቁት «ማሪዮት» የሜሪ ቁልምጫ ነው፣ «ቲሎትሰን» ደግሞ የማቲልዳ ልጅ ማለት ነው። ግን የማቲልዳ ልጅ ስሙን ካገኘ በኋላ ያም ስም እንደ ሌላው በአባት በኩል ብቻ ወረደ። ማቲልዳ ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

አሁን የኛን እዩት። አገር ቤት ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሰባት ቤት ይቆጥራል። በአባት ብቻ አይደለም፤ በእናትም ይቆጥራል። በእናቱ እናት በኩል ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኙ ከተባለ ሠርጉ ይቀራል። ይህ የዘር ዕውቀት ነው። በቃል የተያዘ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ፣ ሴቶቹን የሚጠራ። ይህን ትተን 127ቱን የሚጥል ወረቀት እንያዝ ነው የምትሉኝ?

እኛም ንጹሐን አይደለንም። መታወቂያችን ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለ፤ የእናት ስም ከፎርሙ ጥግ ላይ ብትገኝ ነው። ይህ ነውር ነው፣ መስተካከልም አለበት። ግን አንድ ነገር ይዘናል፦ ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም። የአባቷ ልጅ ሆና ተወልዳ የአባቷ ልጅ ሆና ትሞታለች። የቤተሰብ ስም ስናስገባ መጀመሪያ የሚሄደው ይኸው ነው። «አንድ ቤተሰብ አንድ ስም» ሲባል የማን ስም እንደሚጠፋ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

ስለ መጥፋት ካነሳን አንድ የማልተወው ሰው አለ። ፍራንሲስ ጎልተን። በ1873 ይህ እንግሊዛዊ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ለአንባቢ አቀረበ፦ የታላላቅ ሰዎች የቤተሰብ ስም ለምን እየጠፋ ይሄዳል? ሄንሪ ዊሊያም ዋትሰን የሚባል ቄስና የሒሳብ ሰው መለሰለት፣ በ1874 ሁለቱ አብረው አሳተሙት። ሒሳቡ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ስም በወንድ ልጅ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ ወንዶች በአማካይ ከአንድ የበለጠ ወንድ ልጅ ካላሳደጉ፣ እያንዳንዱ ስም ጊዜ ይፍጅ እንጂ መጥፋቱ አይቀርም። ሰዎቹ አይጠፉም፤ በሴት ልጆቻቸው በኩል በብዛት ይኖራሉ። የሚጠፋው ስሙ ነው። ብርቅ የእንግሊዝ ስሞች ብርቅ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጎልተን ማን እንደሆነ ግን ልብ በሉ። በ1883 «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ነው፤ «ጥሩ ዘር» ይብዛ፣ «መጥፎ ዘር» ይቀንስ የሚለውን አስተሳሰብ። የቤተሰብ ስም መጥፋት ያስጨነቀው ሰውና ሰውን በዘር ማበጠር የጀመረው ሰው አንድ ሰው ነው። የቤተሰብ ስም የያዘ ሁሉ ዘረኛ ነው አላልኩም። ስምን ከዘር ጋር አጥብቀህ ካሰርከው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማን ዘር ይሻላል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

እውነተኛው ፍርሃቴም ይህ ነው፤ እስካሁን የዞርኩት እዚህ ለመድረስ ነው። አገራችን ውስጥ ሰው ስሙን ሲናገር የሚያዳምጠው ሰው በሆዱ ብሔሩን ይገምታል። የአባቱን ስም ሲሰማ ደግሞ ያረጋግጣል። በስሙ ምክንያት ከሥራ የቀረ፣ ከመኪና የወረደ፣ ከዚያም የከፋ የደረሰበት ሰው አለ፤ ሁላችንም ሰምተናል። ግን የኛ አሰያየም አንድ በጎ ነገር አለው፦ በየትውልዱ እንደገና ይጀመራል። ዛሬ በስሙ ብሔሩ የሚታወቅ አባት ልጁን «ሰላም» ሊል ይችላል። የሰላም ልጅ አያት ስም ጋ ካልተደረሰ በቀር ማንም አይጠይቀውም። ስም ይተነፍሳል። ሰው ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ከተማ ተቀይሮ፣ ስሙም አብሮ ይቀየራል። የቤተሰብ ስም እንያዝ ስትሉ ይህን በር በሚስማር ምቱት ማለታችሁ ነው። በዚህ በተካረረ ዘመን አንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ጸሐፊ የሚጽፈው ስም፣ ለልጅ ልጅ ልጆቻችን ግንባር ላይ ማኅተም ሆኖ ይኑር ማለታችሁ ነው።

«የፎርሙስ ነገር?» ትሉኛላችሁ። እሱ እውነተኛ ችግር ነው። አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «ላስት ኔም» ይዘው ድንበር ላይ ሲቆሙ «ይህ ልጅ የእናንተ ነው?» መባል ያደክማል። ግን የተበላሸው ፎርሙ እንጂ አባታችሁ አይደለም። አይስላንድ አውሮፓ ውስጥ ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧ ዛሬም በአባት ወይም በእናት ስም ይጠራል። የስልክ ማውጫቸው በራስ ስም ፊደል ተራ ነበር የሚወጣው። በ1925 ደግሞ አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከለከሉ። ባንክ አላቸው፣ ፓስፖርት አላቸው፣ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት ይዞ መሄድ ያስቸግራል፤ የአምስት መቶ ዓመት ውሸት ይዞ ከመሄድ ግን ይቀላል።

ዮርክሻየርን ሳልለቅ አንድ ሰው ልጥራ። በ1879 በዚያው አውራጃ፣ ሊድስ ከተማ፣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በሳንባ ሕመም ሞተ። ጎልተን ስለ ስሞች መጥፋት ባሳተመ በአምስተኛው ዓመት ነው። ወጣቱ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል አለማየሁ ነው። የተቀበረው ዊንድዘር ነው፤ አጽሙ ይመለስልን ተብሎ በ2023 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። በጎልተን ሒሳብ አለማየሁ ዜሮ ነው። የቤተሰብ ስም አልነበረውም፣ ወንድ ልጅም አልወለደም። አባቱም ቢሆን ሲወለድ ካሳ ኃይሉ ነበር፤ ቴዎድሮስ የተባለው ሲነግሥ ነው።

ግን ማንኛችሁም ብትጠየቁ የማን ልጅ እንደሆነ ትናገራላችሁ። የቴዎድሮስ ልጅ። የእናቱንም ስም ታውቁታላችሁ፦ ጥሩወርቅ ውቤ። ንጉሠ ነገሥት አግብታ እንኳ የአባቷ የውቤ ልጅ እንደሆነች ቀረች። በእንግሊዝ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት «ሚስስ» ተብላ በባሏ ስም ስር ትገባ ነበር፤ ከሰሜን የመጣ አንድ ቤት ሙሉ ታሪክም ከሷ ጋር ይሰወር ነበር።

ስለዚህ ፎርሙ «ላስት ኔም» ሲላችሁ የአባታችሁን ስም ጻፉ። ልጃችሁ ደግሞ የእናንተን ይጻፍ። ከሁለታችሁ የማን ስም እንደሚሆን ቤታችሁ ውስጥ ተነጋገሩበት፤ የእናቱ ቢሆን ሰማይ አይወድቅም። ከዚያ ማታ ላይ አስቀምጡትና አያቶቹን አስቆጥሩት፤ በአባቱም በእናቱም፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም፣ እስከቻላችሁት ድረስ። ሰባት ቤት ባትደርሱም አራት ቤት ቁጠሩ። ከ18ቱ የዮርክሻየር ወንዶች መካከል እንዲህ የቆጠረለት ቢኖር ኖሮ፣ አፍሪካዊውን አያቱን ከላቦራቶሪ ባልሰማ ነበር።